አሥራ ሦስተኛው ጎድን

ከጀጎሉ ፈላና በር ወጣ ብሎ ባለው ሰፈር የፋሲካ ቅርጫ የሚገባው አሥራ ሦስት ቤት ነው። አይጨምርም፣ አይቀንስም። አሥራ አራተኛ ሆኜ ልግባ የሚል ሰው ግን በየዓመቱ አይጠፋም። ዘንድሮም ከደብረ ማርቆስ ተዛውሮ የመጣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ «ሻኛውም ይቅርብኝ፣ ታናሹም ይቅርብኝ፣ ብቻ አስገቡኝ» እያለ ሲለምን፣ ለተማርያም ቢላዋዋን ከመሳል ቀና ብላም አላየችው።

«የኔ ወንድም፣ በሬ ያለው አሥራ ሦስት ጥንድ ጎድን ነው። አሥራ አራተኛውን ከየት ላምጣልህ? ከራሴ ልንቀልልህ?»

ሰውየው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ የምሯን ነበር።

ማረዱና መግፈፉ የወንዶች ሥራ ነው፤ ሥጋውን መመደብ ግን የለተማርያም ነው። አባቷ ባሻ ተክለጻድቅ ወንድ ልጅ አልነበራቸውምና ሊሞቱ ሲሉ ቢላዋቸውን ለእሷ ሰጥተው፣ «ጎድን ሳይደርሰው የሚቀር ቤት እንዳይኖር» አሏት። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሻኛውም ከሽንጡም ከጨጓራውም ለእያንዳንዱ መደብ እኩል እኩል ትቆርጣለች፤ ጎድኑ ላይ ስትደርስ ግን መቆራረጥ የለም፣ ለአንድ ቤት አንድ ጥንድ ነው። ከዚያ በኋላ ዕጣ ይወጣል። በዚህ ሁሉ ዓመት ተጣልቶ የሄደ ጎረቤት የለም።

በሌላው ቀን በርበሬና ሚጥሚጣ ትሸጣለች። ትምህርቷ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ያቋረጠችውም ቸግሯት አይደለም። መምህሩ መሬት ትዞራለች ብለው ሲያስተምሩ፣ «የኛ ቤት በር ከተሠራ ጀምሮ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው፤ ዞሮ አያውቅም» ብላ ተከራከረች። ወላጅ አምጪ ተባለች። አላመጣም አለች። በቃ፣ በዚያው ቀረች።

ይህች ሴት ያለቻት አንዲት ልጅ ሊድያ ናት። ሊድያ ከተማው ውስጥ ባለ የጤና ኮሌጅ ነርስነት ትማራለች። ዘንድሮ በሆሳዕና ሳምንት ከኮሌጅ ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ማን ነካሽ?» አለች ለተማርያም፣ ወንፊቱን አስቀምጣ።

«ማንም አልነካኝም፣ እማ። የቃል ፈተናውን ወደቅሁ። የአጥንትና የነርቩን።»

«አላጠናሽም?»

«አጥንቻለሁ። ሁለት መቶ ስድስቱንም አጥንት ስማቸውን በቃሌ አውቃለሁ። መምህር ሚኪያስ አጽሙን ፊቴ አቁሞ 'ይኼ ማነው' ሲለኝ ግን ስሞቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ መጡና በር ላይ ተጣበቁ። ታፋውን ይዤ ክንድ አልኩ። ክፍሉ ሳቀ።»

«እና ምንድነው የጎደለሽ?»

ሊድያ አፍንጫዋን ጠረገች። «ስሙን ነው የማውቀው፤ አጥንቱን አላውቀውም።»

የድጋሚው ፈተና ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። በዚያም ከወደቀች ትሰናበታለች። ሁለት ዓመት ተምራ፣ ነጩን ጋውን አጣጥፋ መሶብ ውስጥ ከታ፣ ሚጥሚጣ ልትመዝን ነው ማለት ነው። ለተማርያም ሚጥሚጣ መመዘንን አትንቅም፤ የኖረችበት ነው። ልጇን ግን ያን ጋውን የለበሰች ቀን ከቤት እስከ ትልቁ መንገድ በእግሯ ሸኝታታለች፤ ያገኘችውን ሰው ሁሉ እያቆመች። አሁን ያንኑ ሰው ሁሉ ምን ልትለው ነው?

ፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መጡ። ጎህ ሲቀድ ከድሬ ጠያራ ገበያ የተገዛው ቀይ በሬ ታርዶ፣ ተገፍፎ፣ የኮባ ቅጠል ላይ ተዘርግቷል። ለተማርያም እጅጌዋን ሰብስባ ታፋውን ስትከፍት ሊድያ ሳህን ይዛ አጠገቧ ቆማ ነበር። ከታፋው ውስጥ የትንሽ ጣት ውፍረት ያላት ነጭ ገመድ መሳይ ነገር ወጣች። ለተማርያም እንደ ልማዷ ሳብ አድርጋ ቆረጠችና ለሚጠብቀው ውሻ ወረወረች።

ሊድያ ሳህኑን ጥላ ከውሻው አፍ ቀማችው።

«ምን ነካሽ፣ ልጄ? በበዓል ምድር ከውሻ ጋር ትጣያለሽ?»

«እማ፣ ሳያቲክ ነርቭ ነው።» ወደ ብርሃን አንጠለጠለችው። «ከወደቅሁባቸው ጥያቄዎች አንዱ እኮ ነው። ይሄ ነው። እስከ ዛሬ በሥዕል ነው ያየሁት፤ በሥዕሉ ላይ ቢጫ ነው።»

«ጅማት ነው። ለጥርስ አይመችም፣ ሁልጊዜም እጥለዋለሁ።»

«ጅማት ሥጋውን ካጥንት ጋር የሚያስረው ነው። ይሄ አያስርም፤ ወሬ ነው የሚያመላልሰው። ከጀርባ አጥንት ይነሳና እስከ እግር ጣት ይወርዳል። እሾህ ሲወጋሽ ለአንጎልሽ የሚነግረው ይሄ ነው።»

ለተማርያም ቢላዋዋን እንደያዘች ትንሽ አሰበች። «አካፋዮች» አለች ቀጥላ ለቆሙት ወንዶች፣ «ደንደሱን በኔ በኩል አዙሩልኝ።» ወንዶቹ አዞሩላት። አከርካሪው ውስጥ ያለውን ነጭ ነገር በቢላዋዋ ጫፍ አመለከተች። «ይኼስ? መቅኔ አይደለም?»

«ኅብለ ሰረሰር ነው። የነርቮቹ ሁሉ ግንድ።»

«ወገቡ የተሰበረ ሰው እግሩ አልታዘዝ የሚለው ለዚህ ነዋ።»

«ለዚህ ነው።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መቅኔ እያልኩ ለሰው አበላሁት» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሥጋው ተመድቦ፣ ዕጣው ወጥቶ፣ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ሊሄድ ሲል ግን ድምጿን ከፍ አደረገች። «ስሙኝማ። ሥጋውን ብሉ፤ አጥንቱን መልሱልኝ። ቅልጥሙንም የሚሰብር እንዳይኖር።»

«ቅልጥም ሳይሰበር ምኑን ፋሲካ ሆነው?» አለ አንዱ።

«የዛሬ ዓመት ሁለት ትሰብራለህ።»

በሦስተኛው ቀን ዘንቢል ይዛ አሥራ ሦስቱንም ቤት ዞረች። አንዳንዱ አጥንቱን በደንብ ግጦ ጠብቋት ነበር፤ አንዳንዱ «ሰጥታ የምትቀማ ሴት አየን» እያለ ከሾርባ ድስት እያወጣ ሰጣት። ቀቀለችው፣ በአመድ ፈተገችው፣ ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አሰጣችው። አንዱን የጉልበት ሎሚ በጠራራ ፀሐይ ጭልፊት መጥቶ ይዞት በረረ፤ ደግነቱ አንዱ ቀረ።

ከዚያ ትምህርት ተጀመረ። ከሥራ መልስ ጓሮው ውስጥ ሸራ ያነጥፋሉ፣ ያንን የበሬ አጥንት እንዳፈጣጠሩ ይደረድራሉ፣ ሊድያ ዓይኗን በሻሽ ታስራለች፤ ለተማርያም አንድ አጥንት አንስታ እጇ ላይ ታስቀምጥላታለች።

«ይኼ ማነው?»

«ፌመር። የጭን አጥንት።»

«በምን አወቅሽ?»

«ራሱ ክብ ነው፤ ዳሌ ውስጥ የሚገባው።»

«እሺ። ይኼስ?»

«ስካፑላ።»

«ይኼ እንኳ ዳቢት ነው።»

«አንቺ ጋ ዳቢት ነው፣ እማ። ኮሌጅ ስካፑላ ነው።»

ለተማርያም ስሞቹን ትይዝ ጀመር። ፌመር፣ ሂዩመረስ፣ ስተርነም፣ ሳክረም። ሚጥሚጣ እየወቀጠች ለራሷ ታጉተመትማለች፤ «ስተርነም፣ ፍሪምባ፤ ስተርነም፣ ፍሪምባ»፤ በሙቀጫው ምት። ሚጥሚጣ ልትገዛ የመጣች ሴት አዲስ መዝሙር መስሏት ከየትኛው ሰንበት ትምህርት ቤት እንደሆነ ጠየቀች። ነርቩን ደግሞ በነጭ የጥጥ ክር ሠሩት። ሊድያ ክሩን ከአከርካሪው ቀዳዳ እያወጣች፣ በዳሌው ሥር አሳልፋ፣ በጭኑ ጀርባ ታወርደዋለች፤ ከጉልበት በላይ ለሁለት ትከፍለዋለች። ክሩን በአፏ አርጥባ የምታሾልክላት እናቷ ናት፤ መርፌ ውስጥ ክር በማስገባት የሚወዳደራት የለም።

አልፎ አልፎ መጽሐፉና በሬው አይስማሙም ነበር። ያኔ ለተማርያም የምትቆመው በበሬው በኩል ነው።

«ፊቡላ የሚባል የለም» አለች አንድ ቀን። «ቅልጥም አንድ አጥንት ነው።»

ሊድያ የእናቷን እጅ ያዘችና ከእናቷ ቁርጭምጭሚት በላይ በውጪ በኩል አስደገፈችው። ለተማርያም ዳሰሰች፤ ቀጭኑ አጥንት እዚያው አለ። «እ» አለች። ክላቪክል የሚሉት፣ ከጉሮሮ ሥር ተነስቶ ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንትም በሬው ላይ ታጣ፤ እሱን ግን ለተማርያም ራሷ ላይ ስላገኘችው ብዙ አልተከራከረችም።

ጎድን ላይ ሲደርሱ ግን ነገር ከረረ።

«አሥራ ሁለት ጥንድ» አለች ሊድያ።

«ስንት?»

«አሥራ ሁለት። መጽሐፉ ነው የሚለው።»

«መጽሐፍሽ አንድ ጎድን በልቷል። ያውልሽ፣ ቁጠሪያ፤ ሸራው ላይ ነው።»

«ይሄ የበሬ ነው፣ እማ።»

«ስካፑላውን ከበሬ፣ ፌመሩን ከበሬ፣ ነርቩን ከበሬ ስትማሪ ሰው ነበር፤ ጎድን ላይ ሲደርስ በሬ ሆነ? አባቴ አሥራ ሦስት ብለው ሞቱ። አሥራ ሦስት ቤት በአሥራ ሦስት ጎድን ጠግቦ አደረ።»

«እሺ፣ ባንቺ እንቁጠር።»

ለተማርያም ሆዷን አየች። እግዜር ሥጋውን አልነፈጋትም፤ ጎድኗ የት እንዳለ እሷም ካየችው ቆይታለች። «ባንቺ እንቁጠር» አለች። ሊድያ ቀጭን ናት፤ ግን ጎኗን ሲነኳት አትችልም። የእናቷ ጣት አራተኛው ላይ ሳይደርስ ከሸራው ላይ ተንከባለለች፤ እናቷም እሷን ስታይ ሳቅ ያዛት፤ ሁለቱም አጥንቱ መሃል ተዘርረው እስኪደክማቸው ሳቁ። ቆጠራው በዚያው ቀረ።

በማግሥቱ ግን ለተማርያም አልረሳችም። አሥራ ሁለት ስትላት ታስደግማታለች፤ አሥራ ሦስት እስክትል አጥንት አትሰጣትም። ሊድያም ሙግቱ ሲደክማት «እሺ፣ አሥራ ሦስት» ማለት ጀመረች። ቀን በቀን ስትለው ደግሞ ምላሷ ለመደው።

ማክሰኞ ደረሰ። ሊድያ ጋውኗን ለብሳ በሩ ላይ ስትቆም እናቷ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «የደረቱ አጥንት?» አለች።

«ስተርነም።»

«ጎድን?»

«አሥራ ሦስት ጥንድ» አለች ሊድያ፣ ስቃ ጉንጯን ስማት ሄደች።

ለተማርያም ደስ አላት። ደስ እንዳላት የሚጥሚጣ ቁናዋን ተሸክማ ወጣች። ጎረቤቷ ጋሽ ኒቆዲሞስ እንደወትሯቸው ከግድግዳቸው ሥር ሸሚዛቸውን አውልቀው ጀርባቸውን ፀሐይ እያስመቱ ነበር። የድሮ ወታደር ናቸው፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ከቆዳና ካጥንት በቀር የተረፋቸው የሌለ። የለተማርያም ዓይን ጎድን መቁጠር የለመደ ዓይን ነው። ሳታስበው ቆጠረችና ቆመች። እንደገና ቆጠረች።

«ምነው፣ ለተማርያም?» አሉ ጋሽ ኒቆዲሞስ። «በዓይንሽ ገመትሽኝ። ለጰራቅሊጦስ ነው?»

«ጋሼ፣ እስቲ ይፍቀዱልኝ፤ ጎድንዎን ልቁጠር።»

«ቁጠሪ። ጎድሎ ካገኘሽው ግን እኔ የለሁበትም።»

ቁናዋን አስቀምጣ ጣቷን ሰደደች። የመጀመሪያው ከክላቪክል ሥር ተደብቋል፤ እሱን በበሬም ታውቀዋለች። ሁለት፣ ሦስት፣ እያለች ወረደች። የመጨረሻዋን፣ ከጎን በኩል ጫፏ ያልተያያዘውን፣ አገኘች። አሥራ ሁለት። በግራ ሞከረች። አሥራ ሁለት።

«አንድ ጎድሏል» አለች፣ ድምጿ ሰልሎ።

«ታዲያ ምን ጠብቀሽ ነበር? አዳም እኮ ነኝ። አንዷን ለሔዋን ሰጥቻት፣ ያቺ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ነው።»

ለተማርያም ትንፋሿ ተመለሰ። እንዴት ረሳችው? ወንድ ስለሆኑ ነው እንጂ። መጽሐፍ ቅዱሱም ይላል። ግን ባለቤታቸው እማማ አበበች ከውስጥ ሰምተው ኖሮ ቢላዋቸውን እንደያዙ ወጡ።

«ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎድኔን ወሰድሽ ይለኛል። ነይ የኔንም ቁጠሪልኝና ዛሬ ይለይልን።»

እማማ አበበችም እንደ ባላቸው ከስተው የቀሩ ናቸው። ለተማርያም በቀሚሳቸው ላይ ቆጠረች። አሥራ ሁለት። ሌላውን ጎን ቆጠረች። አሥራ ሁለት።

«ይኸው፤ እኔ ምንም አልወሰድኩም» አሉ እማማ አበበች፣ ወደ ባላቸው ዞረው። ጋሽ ኒቆዲሞስ ሸሚዛቸውን ፈለጉ።

ለተማርያም ግን እነሱን አልሰማችም። ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። ልጇ ልክ ነበረች። ልክ የነበረችውን ልጅ ነው ቀን በቀን ተጭና አሥራ ሦስት ያስባለቻት። ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ ዝግ ነው። በፈተና ቀን የተማሪ ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል። ሚጥሚጣዋን ለእማማ አበበች ትታ ወደ መንገድ ሮጠች።

ዓብዱላሂ ከልጅነቱ የምታውቀው የጀጎል ልጅ ነው፤ ባጃጁን በሩ አካባቢ አቁሞ ተሳፋሪ ይጠብቃል።

«አቦ እትዬ፣ ምን ሆነሻል? ሰው ሞተ?»

«ኮሌጅ ውሰደኝ። የሰው ጎድን ስንት ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የባጃጅ ጎማ ሦስት ነው።»

«አሥራ ሁለት ነው። እኔ ልጄን አሥራ ሦስት አስብዬ ፈተና ላክኋት።»

ዓብዱላሂ አሳፍሯት ነዳ። ከዚያ ግራ እጁ ከመሪው ተነስቶ ሸሚዙ ውስጥ ገባ።

«መሪውን ያዝ!»

«ይዣለሁ፣ ወላሂ። እኔ ጋ ግን ዘጠኝ ነው ያለው።»

«የታችኞቹን አላገኘሃቸውም። ፊትህን እይ፣ አህያዋን ትገጫለህ።»

አህያዋን ሳይገጭ፣ ከጫት ጫኝ መኪና ኋላ ሁለት ጊዜ ቆሞ፣ አንዴም በጠባብ መተላለፊያ ሾልኮ ኮሌጁ በር ላይ አደረሳት። ዘበኛው ለገሠ ሚጥሚጣ ከእሷ ነው የሚገዛው። እንዳያት ፈገግ አለ፤ የመጣችበትን ሲሰማ ግን ፈገግታው ጠፋ።

«ገና ከአምስት ደቂቃ በፊት ተጠርታ ገባች። ለተማርያም፣ ስሚኝ። ወላጅ ፈተና ክፍል አጠገብ አንድ ቃል ከተነፈሰ ተማሪው ይሰረዛል። ባለፈው አንድ አባት በመስኮት መልስ ነግሮ ልጁ ተሰርዟል።»

«አልናገርም።»

«አንቺ?»

«አልናገርም አልኩህ።»

«አንቺ አትናገሪም?» ለገሠ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ። «ባለፈው ሳምንት ሚጥሚጣው ጨው በዛበት ስልሽ እስከዚህ ድረስ ተከትለሽኝ አልመጣሽም? በምን ልመንሽ?»

ለተማርያም የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተችና ነከሰች። ለገሠ አያት፣ አያትና በሩን ከፈተ።

የፈተናው ክፍል ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። በሩ ዝግ ነው፤ መስኮቱ ግን ለሙቀቱ ተከፍቷል። ከሥሩ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ተራቸውን የሚጠብቁ ሁለት ተማሪዎች ተቀምጠውበታል። ለተማርያም ነጠላዋን እንደነከሰች መሃላቸው ቁጭ አለች።

«ይኼስ?» ይላል የመምህር ሚኪያስ ድምፅ።

«ሂዩመረስ። የላይኛው ክንድ አጥንት።»

«ይኼ?»

«ፓቴላ። የጉልበት ሎሚ።»

የልጇ ድምፅ አይንቀጠቀጥም። ለተማርያም አንገቷን ነቀነቀች።

«ሳያቲክ ነርቭ ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል?»

«ከታችኛው የጀርባ አጥንትና ከሥሩ ካለው ከሳክረም ይነሳል። በዳሌ ሥር አልፎ በጭን ጀርባ ይወርዳል፤ ከጉልበት በላይ ለሁለት ይከፈላል። ሰውነት ውስጥ ካሉት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ እሱ ነው። ነጭ ነው፤ እርጥብ ገመድ ይመስላል። ሲጎትቱት ይሸሻል።»

«ሲጎትቱት? ማን ጎትቶት አየሽ?»

«እናቴ።»

«እሺ» አለ መምህሩ። «ጎድን ስንት ጥንድ ነው?»

ለተማርያም ነጠላዋን አጥብቃ ነከሰች። ጣቶቿን አሥራ ሁለት ለማድረግ ሞከረች፤ አሥር ብቻ ሆኑባት። ደግሞስ ግድግዳውን አልፎ ማን ያያታል?

«አሥራ ሦስት» አለች ሊድያ።

ሁለቱ ተማሪዎች ተያዩ። ለተማርያም ዓይኗን ጨፈነች። በሕይወቷ ብዙ ጊዜ ተከራክራ ረትታለች፤ ይኼን የመሰለ ክፉ ድል ግን አታውቅም። ገብታ ጥፋቱ የኔ ነው ልትል ተነሳች። ለገሠ ያላት ትዝ አላትና ተቀመጠች። እንደገና ተነሳች። በስተቀኟ ያለችው ተማሪ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ መምህሩ።

የሊድያ ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ። «በእጄ ልቁጠር?»

«አጽሙ ያውልሽ።»

ቆጠራው በመስኮቱ ይሰማል። አንድ፣ ሁለት። ለተማርያም በከንፈሯ፣ ያለ ድምፅ፣ አብራ ቆጠረች። አሥር። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። ከዚያ ምንም። ከዚያ ሊድያ ሳቀች፤ ጓሮው ውስጥ ሸራው ላይ ስትንከባለል የሳቀችውን ሳቅ።

«ይቅርታ፣ መምህር። አሥራ ሁለት ነው። አሥራ ሦስተኛው የበሬ ነው።»

«የምን በሬ?»

«እናቴ ቅርጫ መዳቢ ናት። አጥንቱን ሁሉ ያስተማረችኝ በፋሲካው በሬ ነው። አሥራ ሁለት እንደሆነ መጽሐፉ ላይ አንብቤ ነበር፤ እሷን ማሸነፍ አይቻልም። አሁን ግን እጄ ሲቆጥር የለም። ሰባቱ ከስተርነም ጋር በቀጥታ ተያይዘዋል፤ ሦስቱ ከበላያቸው ባለው ጎድን በኩል ይያያዛሉ፤ ሁለቱ የታችኞቹ ጫፋቸው አልተያያዘም።»

«በሬና ሰው ሌላስ በምን ይለያያሉ?» የመምህሩ ድምፅ አሁን የፈታኝ አይመስልም፤ ማወቅ የፈለገ ሰው ይመስላል።

«በሬ ፊቡላው የለም ማለት ይቻላል። ክላቪክል ጭራሽ የለውም። ክላቪክል ክንዳችንን ወደ ጎን ዘርግቶ የሚይዝልን ነው። በሬ ደግሞ ክንዱን ዘርግቶ የሚያቅፈው ሰው የለውም።»

መምህሩ ሲስቅ ተሰማ። ወረቀት ላይ ሲጽፍ ተሰማ። ከዚያ በሩ ተከፈተና ሊድያ ወጣች፤ እናቷን አየችና ደርቃ ቀረች።

«እማ? አፍሽ ውስጥ ምንድነው?»

ለተማርያም በእጇ ወደ መምህሩ ጠቆመች። መምህር ሚኪያስ ለግላጋ፣ መነጽሩ አፍንጫው ላይ የሚንሸራተት ወጣት ነው። «ጨርሰናል፣ እናቴ» አለ። «መናገር ይችላሉ።»

ነጠላዋን አወጣች። «ጥፋቱ የኔ ነው። እሷ አሥራ ሁለት ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ አሥራ ሦስት ያስባልኳት። ተሳስቻለሁ።» ሊድያ እናቷ ይህን ቃል ስትናገር ሰምታ ስለማታውቅ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ከሃያ አሥራ ስምንት ተኩል አግኝታለች» አለ መምህሩ። «አልፋለች። አንድ ተኩሉን የቀነስኩት ለጎድኑ ነው።»

«አልፋለች?»

«በደንብ አድርጋ።»

ለተማርያም ልጇን አንገቷን ይዛ ሳመቻት፤ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ አራት ጊዜ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መምህሩ ዞረች።

«አንድ ተኩሉን ግን መልስላት። የኔ ጥፋት ከእሷ ለምን ይቀነሳል?»

«እማ» አለች ሊድያ።

«ልጠይቅ እንጂ። መጠየቅ ነውር ነው?»

«አይመለስም፣ እናቴ» አለ መምህሩ፣ ሳቁን እየዋጠ።

«እሺ። እንግዲያው አንዴ ልየው።»

ገባች። አጽሙ ብረት ላይ ቆሟል። ለተማርያም ከራሱ እስከ እግሩ አየችው፤ አማተበች፤ ከዚያ ጣቷን ሰደደች። በቀኝ አሥራ ሁለት። በግራ አሥራ ሁለት። ወደ ኋላው ዞራ ከጀርባ በኩልም ቆጠረች፤ ተደብቆ የቀረ ካለ ብላ። አሥራ ሁለት።

«ይኼ ሰው ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት ናት» አለ መምህሩ።

«እንግዲያው አሥራ ሁለት ነው» አለች ለተማርያም። ጥቂት ቆየችና ጨመረች፤ «በሬው ግን አሥራ ሦስት ነው።»

«እሱስ ልክ ነዎት።»

እናትና ልጅ ተያይዘው ሲወጡ በሩ ላይ ጭቅጭቅ ሰሙ። ለገሠ የዘበኛ ኮቱን ገልጦ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ዓብዱላሂ ባጃጁን ትቶ ጣቱን በለገሠ ጎን ላይ ያንሸራትታል።

«አሥራ አንድ ነህ አቦ፣ አንድ ይጎድልሃል» ይላል ዓብዱላሂ።

«ሠላሳ ዓመት ጠመንጃ ተሸክሜ የኔ ጎድን ይጎድላል? እንደገና ቁጠር።»

ለተማርያም እጅጌዋን ሰበሰበች። ሊድያ ግን ቀድማ ደርሳ ዓብዱላሂን በትከሻዋ ገለል አደረገችው። የጋውኗን ቁልፍ ዘጋች፣ መዳፎቿን እንዲሞቁ አፋተገች።

«ጋሽ ለገሠ፣ ቀጥ ብለው ይቁሙ። ትንፋሽ ይሳቡ። አይያዙት፣ ይልቀቁት። የመጀመሪያው እዚህ ከአጥንቱ ሥር ተደብቋል፤ ሁሉም ሰው እሱን ይዘላል።»

ለተማርያም አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። ዓብዱላሂ አጠገቧ ቆሞ በጆሮዋ፣ «እትዬ፣ አለፈች?» አላት።

«ዝም በል» አለችው፣ «እየቆጠረች ነው።»